ከይርጋለም ኮረብታ እስከ ሐዋሳ ሐይቅ፤ የሁለት ከተሞች ፉክክርና የቱላ መንገድ

የከተሞችን ታሪክ የሚጽፉ ብዙዎች ትረካቸውን የሚጀምሩት ከቆርቋሪው ስም ነው። እገሌ የተባለ መስፍን በዚህ ዓመት ድንኳኑን ተከለ፣ ግቢ አሠራ፣ ቤተ ክርስቲያን አሳነጸ፣ ቦታውም ከተማ ሆነ ይባላል። ይህ አጻጻፍ ሐሰት ባይሆንም ግማሽ እውነት ነው። ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት ሜዳው የማን ግጦሽ ነበር? የሹሙ መቀመጫ ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ሲሄድ የቀረው ከተማ ኑሮ ምን ሆነ? በአሮጌውና በአዲሱ ከተማ መካከል፣ በመንገዱ ዳር የሚኖረው ገበሬስ ከሁለቱ ከየትኛው ተጠቀመ? እነዚህ ጥያቄዎች ካልተነሡ የከተማ ታሪክ የሹማምንት ዝውውር መዝገብ ሆኖ ይቀራል።

ይርጋለምና ሐዋሳ እነዚህን ጥያቄዎች አጥርተው የሚያሳዩ ጥንድ ከተሞች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከሃምሳ ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በቋንቋ፣ በገበያና በጋብቻ የተሳሰሩ ናቸው። ይሁንና አንደኛዋ የቀድሞው የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ርእሰ ከተማ የነበረች፣ ሁለተኛዋ ደግሞ ያንኑ ማዕርግ የወረሰች በመሆናቸው በመካከላቸው ያልተጻፈ ፉክክር ቆይቷል። ይርጋለም በቀደምትነቷ፣ ሐዋሳ በስፋቷ ትኮራለች። ከሐዋሳ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው ይርጋለም ከመድረሱ በፊት ቱላን ያገኛል። የፉክክሩን እውነተኛ ዋጋ ለመመዘን ከሁለቱ ከተሞች ይልቅ የምትሻለው ይህችው የመንገድ ዳር ቦታ ናት።

መቀመጫው ከደጋ ሲወርድ

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ የምኒልክ ጦር ሲዳማን ከያዘ በኋላ የአገዛዙ ምርጫ ከፍታ ነበር። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ መቀመጫቸው ያደረጓት ሀገረ ሰላም ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በብርድና በጉም ውስጥ የምትገኝ ቦታ ናት። ከፍታው ለሠፈረው ጦር ሁለት ጥቅም ነበረው። ከታች የሚመጣ ኃይል ከሩቅ ይታያል፤ የቆላ ወባም አይደርስም። ይህም ለሲዳማ ብቻ የተለየ ነገር አልነበረም። ምኒልክ ራሳቸው ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃ ወርደው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ከመቆርቆሯ በፊት መቀመጫቸው ምሽግ የሆነ ተራራ ነበር። ጦርነት ቅርብ በሆነበት ጊዜ ተራራ ይመረጣል። ጦርነቱ ሲርቅና ግብር መሰብሰብ ዋና ሥራ ሲሆን ግን ውሃ፣ ማገዶ፣ መንገድና ገበያ ያለበት ስፍራ ይፈለጋል።

ባልቻ በ1920 ዓ.ም ብዙ ሠራዊት አስከትለው አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ በተፈሪ መኰንን ብልሃት ያለ ውጊያ ከሹመታቸው ወረዱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲዳሞን እንዲገዙ የተሾሙት ራስ ደስታ ዳምጠው ሲሆኑ በእርሳቸው ዘመን መቀመጫው ከደጋው ወርዶ ቡናና እንሰት ወደሚበቅልበት ወይናደጋ፣ ወደ ይርጋለም መጣ። ስሟ ዓለም ይርጋ የሚል ምኞት የተሸከመ ነው። ዓለም ግን አልረጋም። ኅዳር 22 ቀን 1929 ዓ.ም የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ከተማይቱን ያዘ። ራስ ደስታ እየተዋጉ አፈግፍገው በመጨረሻ ተማረኩና የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም ተገደሉ።

ከነጻነት በኋላ ይርጋለም የጠቅላይ ግዛቱ ርእሰ ከተማ ሆና ቀጠለች። ጠቅላይ ግዛቱ ከወላይታ እስከ ቦረና የተዘረጋ በመሆኑ በርስቱ የተከራከረ፣ በግብር የተበደለ፣ ይግባኝ የሚል ሁሉ ስንቁን ይዞ ወደዚያ ይጓዝ ነበር። በ1940ዎቹ የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ሐኪሞች ገብተው በሆስፒታሉ መሥራት ሲጀምሩ ደግሞ ከተማይቱ ከአቤቱታ ሌላ የፈውስ መድረሻም ሆነች። ለአንድ ትውልድ ያህል የደቡቡ ሕዝብ መንግሥትን ያወቀው በይርጋለም በር ነው። የመንግሥቱ ፍትሕም ግፍም በዚያ በር ያልፍ ነበር።

ሐይቁ ዳር የተነደፈች ከተማ

ከዚያም መቀመጫው ሌላ እርምጃ ወረደ። ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ሲዳሞን ይገዙ በነበረበት ጊዜ የተጠነሰሰው አሳብ ፍሬ አፍርቶ በ1952 ዓ.ም ሐዋሳ በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ተቆረቆረች። ከመጀመሪያዎቹ ሠፋሪዎች መካከል ከአገልግሎት የተሰናበቱ ወታደሮች ነበሩበት። በሐይቁ ዳር የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ተሠራ። በቀጣዮቹ ዓመታትም የጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤቶች ከይርጋለም ወደ አዲሲቱ ከተማ ተዛወሩ።

ለምን ሐይቁ ዳር? ምክንያቱ የሐይቁ ውበት ብቻ አይደለም። በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ከተማ እንዳይተከል ለብዙ ዘመን ይከላከል የነበረው ወባ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአገር አቀፍ ደረጃ የወባ ማጥፋት ዘመቻ ሲደራጅ ቀድሞ ለደገኛው የሚያስፈራው ሜዳ ለመኖሪያ የሚታሰብ ሆነ። ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ በኩል ወደ ኬንያ ድንበር የሚወርደው መንገድም በዚሁ ሜዳ ያልፋል። ይርጋለም ግን በአፖስቶ ከመንገዱ ተገንጥሎ የሚደረስባት ናት። አውቶሞቢል የበቅሎን ቦታ በወሰደበት ዘመን የዋናው መንገድ ዳር መሆን ቀድሞ ተራራ ላይ መሆን የነበረውን ዋጋ ያህል ዋጋ አገኘ።

ዘመኑም ከተማ አስቀድሞ በወረቀት ላይ የሚነደፍበት ዘመን ነበር። ሐዋሳ በተቆረቆረችበት በዚያው በ1952 ዓ.ም፣ ሚያዝያ 13 ቀን፣ ብራዚል ርእሰ ከተማዋን ከሪዮ ዴ ጃኔሮ አንሥታ በመሐል አገር ባዶ ሜዳ ላይ ወደ ሠራቻት ብራዚልያ አዛውራለች። በመጠን የማይነጻጸሩት እነዚህ ሁለት ድርጊቶች አንድ እምነት ያገናኛቸዋል፤ አዲስ መንገድና አዲስ ሕንጻ ከተሠራ አዲስ ማኅበራዊ ኑሮ አብሮ ይወለዳል የሚል እምነት። በሁለቱም ስፍራ ባዶ የተባለው ሜዳ ግን በእርግጥ ባዶ አልነበረም። ዛሬ ሐዋሳ ያለችበት ምድር አዳሬ እየተባለ ይጠራ የነበረ የሲዳማ አርብቶ አደርና ገበሬ የከብት መሰማሪያ ነበር።

በሲዳማ ባህል ከባድ ጉዳይ ከመወሰኑ በፊት በሶንጎው ሸንጎ ላይ «አፊኒ» ተብሎ ይጠየቃል። «ሰምታችኋል ወይ?» እንደ ማለት ነው። ያልሰማ ሳይሰማ፣ ያልተናገረ ሳይናገር ውሳኔ አይጸናም። ከሀገረ ሰላም ወደ ይርጋለም፣ ከይርጋለም ወደ ሐዋሳ መቀመጫው ሲወርድ ውሳኔው የተሰጠው በቤተ መንግሥትና በገዢው ግቢ እንጂ በሶንጎ አልነበረም። የሁለቱ ከተሞች ፉክክር ሥሩ ከዚህ ላይ ነው። ይርጋለም መቀመጫውን የሰጣት ሕዝቡ ስላልሆነ ሲወሰድባትም ሕዝቡን የጠየቀ አልነበረም።

ሁለት ዓይነት ኑሮ

አንዲት ከተማ የሥልጣን መቀመጫ መሆኗ ሲቀር ምን ይቀርላታል? የሐረርና የድሬዳዋ ታሪክ አንድ መልስ ይሰጣል። ከጂቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለከበደው በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ላይ ደረሰ፤ ንግዱም ወደ ቆላው ወረደ። ሐረር ግን የዘመናት ግንቧ፣ መስጊዶቿ፣ የእጅ ጥበቧና የትምህርት ባህሏ ስለነበራት ባቡሩ ቢያልፋትም ሐረርነቷ አልጠፋም። ይርጋለም እንዲህ ያለ የረጅም ዘመን ስንቅ አልነበራትም። ያቆማት በዋናው ጽሕፈት ቤት ነበር። ዳኛው፣ ጸሐፊውና መዝገብ ቤቱ ሲሄዱ በእነርሱ ዙሪያ የሚተዳደረው ጠበቃ፣ ማመልከቻ ጸሐፊ፣ ልብስ ሰፊ፣ ጠጅ ቤትና ባለ አልጋ ቤት ሁሉ ገበያው ይቀዘቅዛል። ሹመት ያቆመው ከተማ ሹመት ሲነሣ ይንገዳገዳል።

ሆኖም ይርጋለም አልፈረሰችም። የሲዳማ ቡና ከአፍንጫዋ ሥር ነው። ጊዳቦ ወንዝ በአጠገቧ ይወርዳል። ሆስፒታሏ ከየገጠሩ በሽተኛ መቀበሉን አላቆመም። ኑሮዋ ከገጠሩ ጋር ያላት ግንኙነት ያልተቋረጠ የወይናደጋ ከተማ ኑሮ ነው። ከብዙ ቤቶች ጓሮ እንሰት አለ፤ በቡና መልቀሚያ ወራት የከተማው ሰው ኪስና የገበሬው ኪስ አብረው ይሞላሉ፤ ዋጋ ሲወድቅ አብረው ይጎድላሉ። ዝናቡና ዳገቱ መንገዷን ቢያበላሹትም ከተማና ገጠር ተነጣጥለው የማያውቁባት መሆኗ አንድ ያልተመሰገነ ሀብቷ ነው።

የሐዋሳ ኑሮ በሌላ መሠረት የቆመ ነው። ጎዳናዎቿ ቀጥና ሰፋ ብለው ስለተነደፉና ምድሯ ሜዳ ስለሆነ ለብስክሌት ትመቻለች። በመሐሏ የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን፣ በሐይቁ በኩል የታቦር ተራራ አሉ። በአሞራ ገደል ዓሣ አጥማጁ ጀልባውን ሲያስጠጋ ቆረሶና አምባዛ ለመግዛት ሰው ይሰበሰባል፤ አባ ኮዳዎችም የተጣለውን የዓሣ ሆድ ዕቃ ይጠብቃሉ። የሐይቁ ዳር የሠራተኛውም የተማሪውም የእንግዳውም ማምሻ ነው።

ዳሩ ግን የሐዋሳን ዕድገት ያፋጠነው መዝናኛዋ አይደለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የባለ ርስቱ የኪራይ ገቢ ቆመ፤ የቀበሌ አስተዳደርም ተቋቋመ። በ1969 ዓ.ም የእርሻ ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና ከዲላ ኮሌጅ ጋር በ1992 ዓ.ም ተዋሕዶ ዛሬ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋም ሆነ። ቀጥሎም ከተማይቱ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ስትሆን ከሃምሳ የሚበልጡ ብሔረሰቦች ልጆች የሚገናኙባት ሆነች። በ1987 ዓ.ም ቆጠራ 69,169 ነዋሪ ነበራት፤ የይርጋለም ሕዝብ በዚያን ጊዜ የዚህን ግማሽ አይሞላም ነበር።

በሐምሌ 2008 ዓ.ም የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ግንባታ የፈጀው ዘጠኝ ወር ያህል ነው። ወደ ፋብሪካው የገቡት በብዛት ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ሲሆኑ ደመወዛቸው ዝቅተኛ፣ የቤት ኪራዩም ውድ በመሆኑ በአንድ ክፍል ተደራርበው መኖራቸው የታወቀ ነው። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም አሜሪካ ለአፍሪካ ምርቶች የምትሰጠውን ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድል ለኢትዮጵያ ስታቋርጥ በሩቅ አገር የተፈረመ ወረቀት በሐዋሳ የኪራይ ቤት ውስጥ ያለችውን ሠራተኛ እንጀራ ነካ። ይርጋለምን ያንገዳገደው የመንግሥት መቀመጫ መነሣት እንደሆነ ሁሉ ሐዋሳም ከእጇ ውጭ ባለ ውሳኔ ላይ የቆመች መሆኗ ታየ። በሌላ በኩል ለይርጋለም በ2013 ዓ.ም የተመረቀላት የግብርና ውጤቶች ማቀነባበሪያ ፓርክ የአካባቢውን ገበሬ አቮካዶና ወተት እንዲቀበል የታሰበ ነው። ለቀድሞዋ ርእሰ ከተማ ሹመት ሳይሆን የገበሬው ምርት አዲስ ተስፋ ሆኖ መቅረቡ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው።

ሐዋሳ ሌላም ዕዳ አለባት። ሐይቋ ከጥቁር ውሃ ወንዝ ይቀበላል እንጂ በምድር ላይ የሚወጣ ፈሳሽ መውጫ የለውም። ወንዙ የሚያልፍበት የጨለለቃ ሐይቅም ወደ ረግረግነት ተለውጧል። መውጫ የሌለው ሐይቅ ከተማው የለቀቀበትን ቆሻሻና ከተራቆተው ዳገት የታጠበውን አፈር ይዞ ያስቀምጣል።

ቱላ፤ በመንገዱ ዳር ያለው ፍርድ

ሁለቱን ከተሞች ጎን ለጎን አቁሞ የትኛይቱ ትበልጣለች ብሎ መጠየቅ ለቡና ላይ ጨዋታ ይበቃል። ለታሪክ ግን ሦስተኛ ምስክር ያስፈልገዋል፤ እርሷም ቱላ ናት።

በ1999 ዓ.ም ቆጠራ የሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ሕዝብ 258,808 ነበር። ከዚህ ውስጥ በከተማው የሚኖረው 157,139 ሲሆን የቀረው ከመቶ 39 ያህሉ በዙሪያው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የሚኖር ነበር። እነዚህን ቀበሌዎች ያቀፈው ሐዌላ ቱላ ክፍለ ከተማ ነው። በመዝገቡ የከተማ ክፍል፣ በኑሮው ግን እንሰት የሚተክል፣ ከብት የሚያረባ፣ በቆሎ የሚዘራ ገበሬ ማለት ነው። ቡርሳሜው ከጓሮው እንሰት ይዘጋጃል፤ ቅቤና ወተቱ ሐዋሳን ይመግባል። ከተማው ግን ወደ እርሱ የሚመጣው በሌላ መልክ ነው፤ በካርታ፣ በችካልና በካሳ ሰነድ።

የሐዋሳ ደረጃ ጉዳይ የቱላን መንገድ በደም የነካበት ቀንም አለ። የከተማይቱን አስተዳደራዊ ደረጃ ለመለወጥ የታሰበውን ዕቅድ የተቃወሙ የሲዳማ ሰልፈኞች ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም ሎቄ ላይ የጸጥታ ኃይሎች ተኩስ ከፈቱባቸውና ሕይወታቸው ያለፈ ብዙ ሰዎች ነበሩ። ከዕቅዱ ጋር ይነሣ የነበረው ጉዳይ የሲዳማ ዞን መቀመጫ ከሐዋሳ ወደ አለታ ወንዶ መዛወር ነበር። የተቀመጠውን አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ የመውሰድ አሮጌ ልማድ እንደገና ብቅ አለ፤ የሚመለከተው ሕዝብ አሁንም አልተጠየቀም ነበር። በዚህን ጊዜ ግን «አልሰማንም» ብሎ ወደ አደባባይ ወጣ።

የመጠየቁ ቀን የመጣው ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ነው። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከመቶ 98 በላይ የሆነው ድምፅ ሲዳማ በክልልነት እንዲደራጅ ወሰነ። በሰኔ 2012 ዓ.ም ሥልጣኑ ተረክቦ ሐዋሳ የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ሆነች። በ2015 ዓ.ም ማብቂያ የቀረው የደቡብ ክልል ለሁለት ሲከፈል መቀመጫዎቹ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄዱ። ሐዋሳም በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የይርጋለም ዕጣ ጥላ በእርሷም ላይ አረፈ፤ የቢሮ ሠራተኛና ቤተሰቡ ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ የከተማ ገበያ ምን እንደሚሆን አየች።

በድምፅ መስጫ ካርድ መጠየቅ ትልቅ ነገር ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ከተማው ወደ ደቡብ በሰፋ ቁጥር በቱላ ገበሬ ላይ የሚወድቀው ጥያቄ በየቀኑ የሚመጣ ነው። በ1997 ዓ.ም የወጣው የካሳ አዋጅ መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ የዓመት አማካይ ገቢውን አሥር እጥፍ ይሰጠው ነበር። በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ይህን ወደ አሥራ አምስት እጥፍ ከፍ አድርጎታል። መሻሻሉ የሚካድ አይደለም። ሆኖም አንድ እንሰት ለምግብ የሚደርሰው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ቆይቶ ነው። ጓሮው በተለያየ ዕድሜ ያለ ተክል የተደረደረበት የቤተሰብ ጎተራ ነው፤ የዛሬው ሲቆረጥ የነገው እያደገ፣ የከነገ ወዲያው እየተተከለ። ጥሬ ገንዘብ ይህን ቅደም ተከተል ሊገዛ አይችልም። ፋብሪካ በዘጠኝ ወር ሊቆም ይችላል፤ የእንሰት ጓሮ ግን በዘጠኝ ወር አይተካም። የገበሬው ልጅ በከተማው ውስጥ ሙያና ሥራ ካላገኘ ካሳው ካለቀ በኋላ የሚቀረው በአባቱ መሬት ላይ በተሠራ ሕንጻ ዘበኛ መሆን ነው።

የጉዱማሌ ትርጉም

ለዚህ ሁሉ መፍትሔ ከውጭ ብቻ መፈለግ አያስፈልግም። የሲዳማ ሕዝብ ለጋራ መሰብሰቢያና ለጋራ ግጦሽ የሚተወው፣ የማንም የግል ንብረት የማይሆን ሜዳ አለው፤ ጉዱማሌ ይባላል። በሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ ያለው ጉዱማሌ የፊቼ ጨምበላላ በዓል የሚከበርበት ነው። የበዓሉን ቀን አያንቶዎች የከዋክብትን አካሄድ አይተው ይወስናሉ፤ በዓሉም በ2008 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በዚያ ቀን ከሀገረ ሰላም ደጋ፣ ከይርጋለም ወይናደጋ፣ ከቱላ የመጣ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ቄጣላ ይጨፍራል። በተራ የወረዱት ሦስቱ መቀመጫዎች በአንድ ሕዝብ እግር ሥር ይገናኛሉ።

ቁም ነገሩ ግን ጭፈራው ብቻ አይደለም። ጉዱማሌ የሚያስተምረው ከተማ ሲሰፋ ሊከበር የሚገባ ሕግ ነው፤ ከምድሩ ለሁሉም የሚቀር ድርሻ መኖር አለበት፣ ስለ ምድሩም ከመወሰኑ በፊት የሚኖርበት ሰው መሰማት አለበት። የቱላ ቀበሌ ስብሰባ በአፊኒ ከተመራ፣ ውሳኔ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ለማሳወቅ የሚጠራ ካልሆነ፣ ሐዋሳ ከይርጋለም የወረሰችውን አሮጌ ዕዳ መክፈል ጀመረች ማለት ነው።

በዚህ ረገድ የመምህራንና የጥበብ ሰዎች ድርሻ የተለየ ነው። አዳሬ ሜዳ በነበረ ጊዜ ከብት የጠበቁ፣ የይርጋለም ጽሕፈት ቤቶች ሲነሡ ያዩ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ቁጥራቸው እያነሰ ነው። በይርጋለም፣ በቱላና በሐዋሳ ያሉ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ልከው የእነዚህን ሰዎች ቃል በሲዳማ ቋንቋ ቢያስመዘግቡ፣ ተውኔት ጸሐፊው በመድረክ ላይ ከቆርቋሪው መስፍን ይልቅ መሬቱን የለቀቀውን ገበሬና ከፋብሪካ ወጥታ ወደ ኪራይ ቤቷ የምትሄደውን ወጣት ቢያቆም፣ የሁለቱ ከተሞች ታሪክ ከሹማምንት መዝገብ ወጥቶ ወደ ባለቤቶቹ ይመለሳል። ሥራው ለነገ የሚባል አይደለም፤ ችካሉ ቱላ ደርሷል።